ከወረታ አናት እስከ ጥንቱ ዩኒቨርስ፦ የጋላክሲዎች ካርታ እንዴት ይነሳል?

አናታችን ላይ ያለው ጎረቤት

ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ወረታ ላይ ቆማችሁ ቀጥ ብላችሁ ሽቅብ ብታዩ፣ ቪርጎ የተባለው የጋላክሲዎች ስብስብ አናታችሁ ላይ ነው። ወረታ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ያህል በስተሰሜን ናት፤ ስብስቡም ከሰማይ ወገብ በዚያው ልክ ወደ ሰሜን ይገኛል። ከሺህ በላይ ጋላክሲዎች አሉበት፤ በባዶ ዓይን ግን አንዱም አይታይም። ብርሃናቸው ከተነሳ 54 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ይህ ግን የቅርብ ጎረቤት ነው። የጥንቱን ዩኒቨርስ ለማየት ከ11 ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘ ብርሃን ያስፈልጋል።

ዝርግ የሚመስል ሜዳ

ጋላክሲዎች እንዴት እንደተሰባሰቡ ለፎገራ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። ሜዳችን በበጋ ዝርግ ይመስላል፤ ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ግን ስንዝር የማትሞላ ረባዳ ቀድማ ውኃ ትይዛለች። ዩኒቨርስም 380,000 ዓመት ገደማ በሆነው ጊዜ እንዲሁ ዝርግ ነበር። የዚያን ጊዜ ብርሃን ዛሬም ከየአቅጣጫው ይደርሰናል። ኮቤ የተባለችው ሳተላይት ውጤት በ1992 እ.ኤ.አ. ሲገለጽ፣ የሙቀቱ ልዩነት ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ጠቅጠቅ ያለው ስፍራ በዙሪያው ያለውን ቁስ ሳበ፤ በሳበ ቁጥር ከበደ፣ በከበደ ቁጥር ይበልጥ ሳበ። ጋላክሲዎች ተሰልፈው የሚታዩባቸው ክሮችና በመካከላቸው ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ የመጡት ከዚሁ ነው። ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል፤ የርብ ውኃ ክረምቱ ሲወጣ ይሸሻል፣ ስበት የሰበሰበው ግን አይሸሽም።

የጋላክሲዎቹ ርቀት በምን ይለካል?

በሃይድሮጂን። ይህ ጋዝ 121.6 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ይለቃል፣ ይመጥጣልም። ዩኒቨርስ ሲሰፋ ብርሃኑም አብሮ ይለጠጣል። ያው ብርሃን እኛ ዘንድ 486.4 ናኖሜትር ሆኖ ቢደርስ፣ 486.4 ለ121.6 ሲካፈል 4 ይመጣል። ብርሃኑ ሲነሳ በጋላክሲዎች መካከል የነበረው ርቀት የዛሬው ሩብ ነበር፤ ዩኒቨርስም ገና 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማው ነበር ማለት ነው። ደግሞ ባይለጠጥ ኖሮ ከምድር ሆነን አናየውም ነበር፤ 121.6ን አየራችን አያሳልፍምና።

ኳዛሮች፣ ማለትም እጅግ ደማቅ የሆኑ የጋላክሲ እምብርቶች፣ ከዚህም በላይ ያግዙናል። በመንገዳቸው ላይ ያለ የሃይድሮጂን ጋዝ ሁሉ እንደየርቀቱ በብርሃናቸው ላይ ጥቁር መስመር ያሰፍራል። ስለዚህ ከአንድ ኳዛር የሚገኘው የአንድ ነጥብ ሳይሆን የመንገዱ ሁሉ ካርታ ነው። አሪዞና ውስጥ ኪት ፒክ ተራራ ላይ ያለው ዴሲ የተባለ መሣሪያ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ይሠራል፤ ባለ 4 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠሙ 5,000 የብርሃን ክሮች በአንድ ጊዜ ወደየዒላማቸው ይዞራሉ።

እንጦጦስ?

የእንጦጦዎቹ ሁለት ቴሌስኮፖች ባለ 1 ሜትር መስታወት ናቸው። አንዱ የሚሰበስበው ብርሃን የኪት ፒኩን አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመቹም። እኔ ግን ትልቅ መስታወት እስኪመጣ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። ዴሲ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የ18.7 ሚሊዮን ገደማ ዒላማዎችን መረጃ ለሁሉም በነፃ ለቋል። ከዚያ ውስጥ አንድ ሩቅ ኳዛር መርጦ፣ ሃይድሮጂኑ የለቀቀው ብርሃን ጎልቶ የሚታይበትን የሞገድ ርዝመት ፈልጎ፣ ለ121.6 ማካፈል ለ11ኛ ክፍል ተማሪ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው።