ከቤት ቁሳቁስ የሚሠራ ጨዋታና የሕፃናት እድገት፦ የኪንግስተን ጥናት ትምህርት

ሕፃንን ማጫወት ከምግብና ከሕክምና ቀጥሎ እንደሚመጣ ትርፍ ነገር ሲቆጠር ይስተዋላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን የተጀመረ ጥናት ይህን አመለካከት ይሞግታል። ሳሊ ግራንተም-ማክግሪገርና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን በአራት ቡድን መደቡ፦ ተጨማሪ ምግብ ያገኙ፣ የጨዋታ ድጋፍ ያገኙ፣ ሁለቱንም ያገኙና አንዱንም ያላገኙ። የጤና ሠራተኞች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ቤት ድረስ እየሄዱ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ አገዙ።

ከ20 ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል የጨዋታ ድጋፍ ያገኙት ካላገኙት 25 በመቶ ያህል የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ የምግብ ድጋፉ ብቻውን ያስገኘው ውጤት ግን እስከዚያ አልዘለቀም።

ቁም ነገሩ ያለው ከመጫወቻው ይልቅ በምልልሱ ነው። ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ እናት ትመልሳለች፤ ጥቂት ዝም ብላም ተራውን ትሰጠዋለች። ማንኪያን በነጠላ ሸፍኖ መግለጥ ሌላው ምሳሌ ነው፤ እንደ ዣን ፒያዤ ገለጻ ሕፃናት የተሸፈነን ዕቃ መፈለግ የሚጀምሩት በ8 ወር ገደማ ነው። ጥራጥሬ የተጨመረበት የፕላስቲክ ጠርሙስም ያጫውታል፤ ሆኖም ፍሬው ሕፃኑን እንዳያንቀው ክዳኑ በጥብቅ መታሸግ አለበት።

የናሙናው ማነስ ውጤቱን በጥንቃቄ እንድንይዘው ያስገድዳል። ያም ሆኖ በአገራችን ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስላሉ፣ ጨዋታን በምክር አገልግሎታቸው ማካተት ምን ያህል ጊዜና ሥልጠና እንደሚጠይቅ ማጥናት ተገቢ ይሆናል።