ኤሊው ለምን ያማርጣል? መራጭ የቤት ኤሊን ወደ ልዩ ልዩ መኖ ስለ መመለስ

ኤሊ የቀረበለትን ሣር ትቶ ሐብሐቡን፣ ቲማቲሙን ወይም ሰላጣውን ብቻ ለቅሞ ሲበላ፣ አብዛኛው ቤተሰብ «ሣር አይወድም» ብሎ ይደመድማል፤ በማግስቱም የወደደውን ጨምሮ ያቀርብለታል። ኤሊው የወደደውን ብቻ እየበላ ወራት ሲያልፉ ግን ጉዳቱ በአጥንቱ፣ በኩላሊቱና በቅርፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ይከማቻል። ኤሊ ሕመሙን በድምፅ የማይናገር እንስሳ በመሆኑም ችግሩ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው። ማማረጥ ግን በአብዛኛው በልምድ የመጣ ጠባይ ነው። በልምድ የመጣ ደግሞ በትዕግሥትና በሥርዓት ሊታረም ይችላል።

ለዚህ ትምህርት በምሳሌነት የምንወስደው ሱልካታ በሚል ስም የሚታወቀውን የአፍሪካ ኤሊ ነው። ይህ ዝርያ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች በቤት በስፋት ይረባል። የተፈጥሮ መኖሪያው ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ተነሥቶ እስከ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ የሚደርሰው የሳሕል ደረቅ ምድር ስለሆነ፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ባዳ እንስሳ አይደለም። ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ኤሊዎች ቀጥሎ በትልቅነቱ በዓለም ሦስተኛ ሲሆን፣ ወንዱ ከ45 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል።

የዱር ገበታው

ሱልካታ በተፈጥሮው ሣር በል ነው። በክረምት ለምለሙን፣ በበጋ ደረቁን ሣር ይግጣል፤ ከዚያም ሌላ ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠልና ውኃ ያዘሉ እንደ ቁልቋል ያሉ ተክሎችን ይበላል። እየተራመደ ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት ስለሚቀነጥብ፣ ሰውነቱ የሚያገኘው ንጥረ ነገር ከብዙ ተክሎች የተውጣጣ ነው።

ይህን ጠንካራ መኖ የሚፈጭለት ትልቁ አንጀቱ ነው። በዚያ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን፣ በፈረስና በአህያ አንጀት እንደሚሆነው ሁሉ፣ አሰሩን አብላልተው ወደ ኃይል ይለውጡታል። ስኳር የበዛበት ፍራፍሬ ሲዘወተር የእነዚህ ተሕዋስያን ሚዛን ይዛባል፤ ተቅማጥና የሆድ መነፋትም ይከተላል። ጣፋጭ ፍሬ በደረቅ ምድር በብዛት የሚገኝ አይደለም። በቤት ውስጥ ግን በየቀኑ ስለሚቀርብለት ኤሊው እርሱን ብቻ መጠበቅ ይለምዳል።

አንድ ዓይነት ምግብ የሚያስከትለው ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት የካልሲየም እጥረት ነው። በኤሊ መኖ ውስጥ ካልሲየም ከፎስፈረስ ቢያንስ በእጥፍ ሊበልጥ ይገባል። እንደ ሙዝና ቲማቲም ባሉት ፍሬዎች ግን የሚበልጠው ፎስፈረስ ነው። ሰውነት ካልሲየም ሲያጣ ከአጥንት መሳብ ይጀምራል፤ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ እግሮቹም ይደክማሉ። ስፒናችና ቆስጣ አረንጓዴ ቢሆኑም በውስጣቸው ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየሙን ይዞ ስለሚያስቀር የዘወትር መኖ ሊሆኑ አይገባም። ተራ ሰላጣ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው።

የቅርፊቱ ክፍሎች እንደ ፒራሚድ ሾጥጠው የሚያድጉበት ሁኔታም አለ። ይህ ለረጅም ጊዜ የሚመካኘው በፕሮቲን ብዛት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ጥናት ግን ትንንሽ ሱልካታዎችን በተለያየ የአየር እርጥበትና የፕሮቲን መጠን አሳድጎ፣ ከፕሮቲኑ ይልቅ የአየሩ ድርቀት የጎላ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ ጤናማ ቅርፊት የሚገኘው መኖውም መኖሪያውም አብረው ሲስተካከሉ ነው። አንዴ የሾጠጠ ቅርፊት ተመልሶ ለጥ አይልም።

ከመኖው በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

ያልበላ ኤሊ ሁሉ መራጭ አይደለም። የኤሊ ሰውነት ሙቀቱን የሚያገኘው ከአካባቢው ነው፤ ከቀዘቀዘ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ የበላውም አይፈጭለትም። ስለዚህ በመኖሪያው አንድ ጫፍ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ መሞቂያ ቦታ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ሙቀቱ በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር መለካት አለበት።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ኤሊ ቫይታሚን ዲ3 የሚሠራው ዩቪቢ በተባለው የፀሐይ ጨረር አማካይነት ሲሆን፣ ያለዚያ የበላውን ካልሲየም በሚገባ ሊጠቀምበት አይችልም። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ስለሚያግድ፣ ኤሊውን በመስኮት ሥር ማስቀመጥ ፀሐይ ማሞቅ ማለት አይደለም። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ረጅም ክረምት የዩቪቢ አምፖል ግድ ይሆናል። አምፖሉ እየበራ እንኳ ጨረሩ ከጊዜ ጋር ስለሚደክም፣ አምራቹ ባመለከተው ጊዜ መለወጥ አለበት።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ለብ ባለና ከአገጩ በታች በሚቆም ውኃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማቆየት ኤሊው እንዲጠጣና እንዲጸዳዳ ይረዳዋል፤ ብዙ ጊዜም የምግብ ፍላጎቱን ያነቃቃል። በቂ ውኃ የማያገኝ ኤሊ በሽንት ፊኛው ጠጠር ሊያበጅ ይችላል።

ደረጃ በደረጃ ማለማመድ

እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ወደ ገበታው እንመለሳለን። አዲሱን መኖ ለብቻው ከማቅረብ ይልቅ ከሚወደው ጋር አድቅቆ መቀላቀል ይሻላል። በመጀመሪያ ዘጠኝ እጅ የለመደው፣ አንድ እጅ አዲሱ ይሁን። ሁለቱም በጣም ደቅቀው ጥቂት ውኃ ከተረጨባቸው እርስ በርስ ስለሚጣበቁ፣ ኤሊው አንዱን ከሌላው ለይቶ መልቀም ይቸግረዋል። ለጥቂት ቀናት ያለ ማንገራገር ከበላ አዲሱን ወደ ሁለት እጅ ማሳደግ ነው። እምቢ ካለ አንድ ደረጃ ብቻ መመለስ እንጂ እንደ ገና ከመነሻው መጀመር አያስፈልግም።

የሚለመዱት ተክሎች ቅደም ተከተልም ጠቃሚ ነው። ጉዞው ከለስላሳ ወደ ሻካራ ይሁን። ሰላጣ የለመደ ኤሊ መጀመሪያ የዳንዴሊዮን ወይም የወይን ቅጠል፣ ቀጥሎ ጎርጠብ፣ ከዚያም ለምለም ሣር፣ በመጨረሻ ድርቆሽ ይቅረብለት። ድርቆሽ ስንል የደረቀውን ሣር ማለታችን ነው፤ ድርቆሽ እንጀራም ሆነ ትኩስ እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝም ጭምር፣ ለኤሊ አንጀት አይስማሙም። ለጥንቸል የሚሸጠው የቲሞቲ ድርቆሽ ተስማሚ ነው። ትንንሽ ኤሊዎች ደረቁን ሣር መቁረጥ ስለሚያቅታቸው በመቀስ አድቅቆና አርጥቦ መስጠት ይገባል። እሾኹ የተወገደለት የበለስ ቁልቋል ደግሞ ካልሲየምም ውኃም አሰርም ስላለው ከምርጥ መኖዎች አንዱ ነው፤ በአሜሪካ በሜክሲኮ ምግብ መደብሮች ይገኛል። ጎመን አልፎ አልፎ ቢቀላቀል አይጎዳም። አቮካዶና ሽንኩርት ግን ፈጽሞ አይሰጡም።

ቀለምና ሽታም ይረዳሉ። ብዙ ኤሊዎች ወደ ቀይና ቢጫ ቀለም ስለሚሳቡ፣ የከርከዴ ወይም የዳንዴሊዮን አበባ በመኖው ላይ መነስነስ ዓይናቸውን ይስባል። ጥቂት የዱባ ወይም የኪያር ጭማቂ በሣሩ ላይ ማሸት ደግሞ የታወቀውን ሽታ ለአዲሱ ያውሰዋል። መኖው የሚቀርበውም ኤሊው ጠዋት ሞቆ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ቅጠል ከደጅ የሚለቅም ሰው ፀረ አረም መድኃኒት ከተረጨበት መስክና ከመኪና መንገድ ዳር መራቅ አለበት።

ጽናትና ወሰኑ

ከሁሉ የሚከብደው የቤተሰቡ ሥራ ነው። ኤሊው አንድ ቀን ሳይበላ ሲውል ልብ ይራራና ማታ ሐብሐብ ይቀርብለታል። በዚህ ጊዜ ኤሊው «ከታገሥኩ ጣፋጩ ይመጣል» የሚለውን ትምህርት ይቀስማል፤ የሳምንታት ድካምም በአንድ ምሽት ይፈርሳል። ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ በአንድ ደንብ መስማማት አለባቸው። ልጆች መኖውን እንዲያደቅቁ፣ አበባውን እንዲነሰንሱና ክብደቱን እንዲመዘግቡ ማድረግ፣ በድብቅ ከመመገብ ይልቅ በእንክብካቤው እንዲሳተፉ ያስችላቸዋል።

ጽናት ግን ወሰን አለው። ጤናማና ውኃ የጠገበ ትልቅ ኤሊ ጥቂት ቀናት ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም። ገና የተፈለፈለ ወይም የታመመ ኤሊ ግን በረሃብ ሊፈተን አይገባም። በየሳምንቱ በሚዛን መመዘን የተሻለው መከታተያ ነው። ክብደቱ በተከታታይ ከቀነሰ፣ ከአፍንጫው ፈሳሽ ከወጣ፣ ዓይኑ ካበጠ፣ ቅርፊቱ ከለሰለሰ ወይም ከፈዘዘ፣ ጉዳዩ ማማረጥ ሳይሆን ሕመም ስለሚሆን በደረት የሚሳቡ እንስሳትን ወደሚያክም ሐኪም ሳይዘገይ መወሰድ አለበት።

ሱልካታ በመልካም አያያዝ ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ዛሬ በመዳፍ የሚያዘው ትንሽ ኤሊ ነገ ሁለት ሰው የሚሸከመው ትልቅ እንስሳ ይሆናል። ያን ጊዜ በሰላጣና በፍራፍሬ ላጥግብህ ቢሉት ኪስም አይችል፣ ጤናውም አይፈቅድ። በአሪዞናና በካሊፎርኒያ መጠለያዎች ባለቤቶቻቸው ማሳደግ ያቃታቸው ብዙ ሱልካታዎች ይገኛሉ። ገና በትንሽነቱ ሣር መብላት የለመደ ኤሊ ግን ጓሮና ድርቆሽ ይበቃዋል፤ ላሳደጉት ልጆችም እስከ ጉልምስናቸው ድረስ ባልንጀራ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።