የትኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ለየትኛው ሥራ?



“ከማኅበራዊ ሚዲያዎች የቱ ይሻላል?” የሚለው ጥያቄ በክፍልም በቤትም ይነሣል። ወንፊትና ምጣድ የቱ ይሻላል ተብሎ እንደማይጠየቅ ሁሉ፣ እነዚህም የሚመዘኑት በሚሠሩት ሥራ ነው። በሀይ ጀላባ የምንኖር ቤተሰቦች ከምንጠቀምባቸው መካከል አራቱን በሦስት ጥያቄዎች እናወዳድር። የላክነውን ማን ያየዋል? ምን ያህል ዳታ ይጨርሳል? የምናየውንስ ማን ይመርጥልናል?

1. ዋትስአፕ

እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሠረተ፤ በ2014 ፌስቡክ ገዛው። ዋና ሥራው ከምናውቀው ሰው ጋር ማገናኘት ነው። ከ2016 ጀምሮ መልእክቱ ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ተመስጥሮ ስለሚጓዝ ኩባንያው ራሱ ሊያነበው አይችልም። ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ጥቂት ዳታ ስለሚወስዱ አገር ቤት ካሉ አያቶች ጋር ለመገናኘት ይመቻል፤ ማንበብ የማይችሉትም በድምፅ ሰምተው በድምፅ ይመልሳሉ። ጉድለቱ፣ በቡድን ውስጥ ያሉ ሰዎች ስልክ ቁጥራችንን ያያሉ። በተጨማሪም በአጭር መልእክት የሚደርሰንን ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ለሌላ ሰው ከሰጠን አካውንታችንን ልንነጠቅ እንችላለን።

2. ቴሌግራም

ወንድማማቾቹ ፓቬልና ኒኮላይ ዱሮቭ በ2013 የጀመሩት ነው። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ አንድ ቡድን እስከ 200,000 አባላት ይይዛል። ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍትንና የቆዩ ፈተናዎችን ለማግኘት ተማሪዎች ይመርጡታል። ስልካችን ቢጠፋም በኩባንያው ኮምፒውተሮች የተቀመጠውን በአዲስ ስልክ እናገኘዋለን። ነገር ግን ተራው መልእክት እንደ ዋትስአፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ለዚያ “ምስጢራዊ ውይይት” የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ፈተና ወጣ እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ አታላዮችም አይጠፉም።

3. ፌስቡክ

በ2004 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። የጠፋ ዘመድና የድሮ ጓደኛ ለመፈለግ፣ ለማኅበረሰቡ ማስታወቂያ ለመንገር ጥሩ ነው። ለሁሉም ክፍት አድርገን የጻፍነውን ግን የማናውቀው ሰውም ያየዋል፣ ያጋራዋል። “ከአፍ ከወጣ አፋፍ” እንዲሉ፣ በኋላ ብናጠፋውም ሌላው አስቀርቶት ይሆናል። ከፊታችን የሚቀርበውን የሚመርጠው የኩባንያው ቀመር ነው፤ ሰው የሚጨቃጨቅበትን ነገርም ወደፊት ሊያመጣው ይችላል።

4. ቲክቶክ

ባይትዳንስ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው ያቋቋመው። ጓደኛ ባይኖረንም ቀመሩ ቪዲዮ ያከታትልልናል። ቋንቋና ሙያ መማር ይቻልበታል። ሆኖም ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በመቶ ለሚቆጠሩ የጽሑፍ መልእክቶች የሚበቃ ዳታ ይጨርሳል። ማብቂያ ስለሌለውም የጥናት ሰዓት ይወስዳል።

ከደረሰው ምን እንማር?

በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በሱዳን ዋድ መደኒ ደቡብ ሱዳናውያን ሲገደሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጩ። በጁባና በሌሎች ከተሞች ቁጣ ተነሣ፤ የሱዳናውያን ሱቆች ተዘረፉ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፌስቡክና ቲክቶክ እንዲዘጉ አዘዘ፤ እገዳው የተነሣው ከቀናት በኋላ ነው። ጁባ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ነጋዴ በመደኒ በተፈጸመው ነገር ምን እጅ አለው? እኛም በሰው አገር ሠርተን የምንኖር ነንና፣ ቁጣ የሚቀሰቅስ ቪዲዮ ሲደርሰን ማን፣ የት፣ መቼ ቀረጸው ብለን ሳናጣራ ለሌላ አናስተላልፍ። እውነት ቢሆንም እንኳ ማስተላለፉ ማንን እንደሚጎዳ እናስብ።

በአገራችንም በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ ፈተናው ተቋርጦ ተማሪዎች እንደገና ለመፈተን ተገደዱ። የጥቂቶች ድርጊት ለዓመታት ያጠኑትን ሁሉ ጎዳ።

እንግዲህ ለቤተሰብ ወሬ ዋትስአፕ፣ ለመጽሐፍ ቴሌግራም፣ ለማስታወቂያ ፌስቡክ፣ ለተወሰነ ሰዓት መዝናኛ ቲክቶክ ብንል አንሳሳትም። ፌስቡክና ቲክቶክ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንዳልተፈቀዱም ወላጆች ልብ ይበሉ። አንዱ በድንገት ቢዘጋ እንዳንቸገር የዘመድ ስልክ ቁጥሮችን በደብተር ጽፎ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. በዋትስአፕና በቴሌግራም መካከል ያለውን የምስጠራ ልዩነት አስረዱ።

ለ. በቤታችሁ በሳምንት ውስጥ ዳታ የሚጨርሰው የትኛው ነው? በስልኩ ላይ አይታችሁ መዝግቡ።

ሐ. ምንጩ የማይታወቅ ቪዲዮ ቢደርሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩ።