የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ መስፈርት ለውጥና የሳይንስ ትምህርት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

መግቢያ

አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አጠናቀቀ የሚባለው ምን ያህል ሳይንስ ሲያውቅ ነው? ለዚህ ጥያቄ በኢትዮጵያ የተሰጠው መልስ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በተደጋጋሚ ተለውጧል። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን ለውጦች በቅደም ተከተል ካየ በኋላ በሰሜን ሸዋ ደጋ ለሚማሩ ወጣቶች ያላቸውን ትርጉም ይመረምራል። መከራከሪያው አንድ ነው፤ የማጠናቀቂያው መስፈርት በነጥብ ድምር ጠብቋል፣ ሆኖም ማንኛውንም የሳይንስ ትምህርት በራሱ ግዴታ አላደረገም፣ የተግባር ሙከራንም አይለካም።

መስፈርቱ የተለወጠበት መንገድ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን በሁለት እርከን ከፈለው። በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ሁሉም ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማር ነበር፤ በ10ኛ ክፍል መጨረሻም አገር አቀፍ ፈተና ይቀመጣል። ያለፈው ወደ መሰናዶ ገብቶ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይመርጣል፤ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ያመራል። በዚህ አሠራር የጋራው የሳይንስ እውቀት ተማሪዎች በመስክ ከመለያየታቸው በፊት በአንድ ሚዛን ይመዘን ነበር። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ መወሰኑ የተፈጥሮ ሳይንስን ክብደት ይበልጥ ጨመረው።

ቀጥሎ የመጣው የትምህርት ፍኖተ ካርታ እርከኑን ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመት አድርጎ ሲያዋቅር የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀረ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በ8ኛና በ12ኛ ክፍል መካከል የተማሪውን የሳይንስ እውቀት ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚመዝን ፈተና የለም።

ሦስተኛው ለውጥ ከሁሉም የከበደው ነው። ቀደም ሲል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ የቅበላ አቅምን እያየ ይወሰን ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ግን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ቋሚ መስፈርት ሆነ። ፈተናው ራሱም ስርቆትን ለመከላከል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጠ። ከተፈታኞቹ 896,520 ተማሪዎች መስፈርቱን ያሟሉት 29,909 ወይም 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ተማሪዎች አለፉ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ላላለፉት በከፊል መፍትሔ ይሆን ዘንድ የአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) መርሐ ግብር ተጀመረ።

ድምሩ የሚሸፍነው

የ50 በመቶው ስሌት በጠቅላላ ድምር ላይ የተመሠረተ ነው። ስድስት ትምህርቶች እያንዳንዳቸው ከ100 በሚታሰቡበት ፈተና በእንግሊዝኛ 55፣ በሒሳብ 60፣ በስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ 70፣ በኬሚስትሪ 50፣ በባዮሎጂ 45 እና በፊዚክስ 20 ያመጣ ተማሪ ድምሩ 300 ሆኖ ያልፋል። በአንጻሩ በሦስቱ የሳይንስ ትምህርቶች 55፣ 55 እና 55 አምጥቶ በእንግሊዝኛና በሌሎቹ የወደቀ ተማሪ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መስፈርቱ ከበፊቱ ጥብቅ ቢሆንም ስለ ተማሪው የሳይንስ እውቀት የሚናገረው ጥቂት ነው።

የ2014 ዓ.ም. ውጤት በመስክ ሲከፈል ሌላም ነገር ይታያል። ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 339,642 ውስጥ 22,936፣ ማለትም 6.8 በመቶ አለፉ። ከማኅበራዊ ሳይንስ 556,878 ውስጥ ያለፉት 6,973፣ 1.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በእርግጥ በትምህርታቸው የበረቱት ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ስለሚያዘነብሉ ልዩነቱን በሙሉ ለመስኩ መስጠት ስሕተት ይሆናል። ሆኖም «ሳይንስ ይከብዳል፣ ማኅበራዊ ይቀላል» የሚለው ልማዳዊ ምክር በቁጥሩ አይደገፍም። ቤተ ሙከራ በማጣት ሳይንስን የሚሸሽ ተማሪ የሚሸሸው ወደ ጠበበው በር ነው።

የደጋው ሁኔታ

ይህ ምርጫ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ለሚማር ወጣት ቀላል አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር የራሱ ኢንስፔክሽን አብዛኞቹ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። የትምህርት ጊዜ ለተቋረጠበትም ላልተቋረጠበትም ተማሪ የማለፊያው ነጥብ አንድ ነው።

ይሁን እንጂ ደጋው ለሳይንስ ትምህርት ባዶ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የመንዝ ተማሪ ባቄላ ለምን ቶሎ እንደማይበስል ከቤቱ ያውቃል፤ የሚጎድለው ነገሩን ከአየር ግፊት ጋር አያይዞ በቴርሞሜትር መለካት ነው። ይኸው ልኬት ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ በሚወርደው የመርሐቤቴ ቆላ ቢደገም የከፍታና የሙቀት ዝምድና በሁለት ቁጥር ይገለጣል። በመንዝ በግ ላይ በገበሬዎች ተሳትፎ የተካሄደው የዝርያ ማሻሻል ሥራ የውርስ ሕግን ለማስተማር ከመጽሐፍ ሥዕል የተሻለ ምሳሌ ይሆናል። ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት የተጠበቀው የጓሳ ሣር ምድርም፣ ከጭላዳውና ከቀይ ቀበሮው ጋር፣ የሥነ ምኅዳር ትምህርት የመስክ ቤተ ሙከራ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በማጠናቀቂያው ውጤት ውስጥ ቦታ ስለሌለው ግን መምህሩ ጊዜውን ለፈተና ጥያቄዎች ልምምድ ማዋሉ አያስደንቅም።

ከሌሎች አገሮች ልምድ

የተግባር ሙከራን በማጠናቀቂያ ውጤት ውስጥ ማካተት አዲስ ነገር አይደለም። የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ የየራሳቸው የተግባር ፈተና አለው። በሕንድ ማዕከላዊ የፈተና ቦርድ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ 70 ነጥብ ለጽሑፍ፣ 30 ነጥብ ለተግባር ይመደብለታል፤ ተማሪው በሁለቱም ለየብቻ 33 በመቶ ማምጣት አለበት። በእነዚህ አሠራሮች ቤተ ሙከራ ማሟላት የትምህርት ቤቱ በጎ ፈቃድ ሳይሆን የፈተናው ቅድመ ሁኔታ ይሆናል።

መደምደሚያ

ለእያንዳንዱ የሳይንስ ትምህርት ዝቅተኛ ነጥብ ይወሰን ቢባል የሚነሣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ዛሬ ከመቶ ጥቂቶች ብቻ በሚያልፉበት ሁኔታ ተጨማሪ ወለል ማበጀት ያለፉትንም ይቀንሳል። ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ግን ወለሉ ከድጋፉ ቀድሞ ከመጣ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም በመጀመሪያ በአካባቢ መሣሪያ ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት የግዴታ ሙከራዎች በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ተከታታይ ምዘና ውስጥ ቢገቡ፣ ተማሪው መስኩን የሚመርጠው ሳይንስን በእጁ ሞክሮ ይሆናል። ቀጥሎ የአቅም ማሻሻያው ተማሪው በደከመበት ትምህርት ላይ ብቻ ቢያተኩር፣ በፊዚክስ የወደቀ ፊዚክስን ይደግማል እንጂ ሁሉንም አይጀምርም። የትምህርት ዓይነት ወለል ሊታሰብ የሚገባው ከእነዚህ በኋላ ነው።

እስካሁን ያሉት ለውጦች ከተማሪው የሚጠበቀውን ከፍ አድርገዋል፤ ከትምህርት ቤቱ የሚጠበቀውን ግን በዚያው ልክ በማጠናቀቂያው መስፈርት ውስጥ አላሰፈሩም። ለሰሜን ሸዋ ተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራም ከዚህ ይነሣል። በየወረዳው በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስን የሚመርጡትን ተማሪዎች ድርሻ በትምህርት ቤቱ ከሚሠሩት ሙከራዎች ብዛት ጋር ማነጻጸር፣ ተማሪዎቹ የሚሸሹት ሳይንስን ይሁን ወይስ ያለ ሙከራ የሚሰጥ ሳይንስን ለመለየት ያስችላል።