በትዳር ዘመን ከተገኘ ገቢ የሚደረግ ስጦታ፦ የግብር ወይስ የጋራ ሀብት ጥያቄ?

በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ የውርስ ግብር የለም። በመቀሌ የሚኖር ባለትዳር ሠራተኛ ከደመወዙ ለእህቱ ልጅ ገንዘብ ሲሰጥ ኖሮ ቢሞት፣ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የውርስ ግብር ለማስላት ስጦታውን ወደ ኋላ ተመልሶ አይቆጥርም። በእንግሊዝ ግን ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የውርስ ግብር ሕግ አንቀጽ 21 ነፃ የሚያደርገው ከሰጪው ገቢ በመደበኛነት የተሰጠንና የኑሮ ደረጃውን ያላጓደለን ስጦታ ነው። በዚያ አገር «ገቢው የማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው መንግሥት ነው። እዚህ የሚጠይቀው በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ ነው።

ትግራይ የራሷ የቤተሰብ ሕግ ስላላት የመቀሌ ፍርድ ቤቶች የሚመሩት በእርሱ ነው። በትዳር ውስጥ በጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው የሚለው መርሕ ግን የክልሉም የፌዴራሉም መነሻ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 62 ከዚህም አልፎ ከግል ንብረት የሚገኘውን ገቢ ጭምር የጋራ ያደርገዋል፤ በውርስ የተገኘ ቤት የግል ቢሆንም ኪራዩ የጋራ ነው። በአንቀጽ 68 መሠረት ከ100 ብር በላይ የሆነ ስጦታ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ይህ መጠን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የነበረው ነው። ዛሬ ለሠርግ የሚሰጥ ተራ ስጦታ እንኳ ያልፈዋል፤ ለልጅ የሚሰጠውን ገዝሚማ ማንሳት አያስፈልግም።

ዋናው ችግር የጊዜ ገደቡ ነው። አንቀጽ 69 ያልተስማማው ተጋቢ ድርጊቱን ባወቀ በ6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ካልጠየቀ መብቱን ያሳጣዋል። ባል በየወሩ 3,000 ብር ለ5 ዓመት በድብቅ ሰጥቶ ቢሞትና እያንዳንዱ ክፍያ እንደ ተለየ ስጦታ ቢወሰድ፣ ሚስት ከ180,000 ብሩ መከራከር የምትችለው በመጨረሻው 72,000 ብር ላይ ብቻ ነው። ቀሪው 108,000 ብር ከጋራ ሀብቱ እንደ ወጣ ይቀራል፤ የእርሷ ግማሽ ድርሻና የወራሾቹ ክፍያ የሚሰላውም በተረፈው ላይ ነው። የተደበቀ ስጦታ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው የባንክ ደብተር ሲገለጥ፣ ማለትም ከሞት በኋላ በመሆኑ፣ የ2 ዓመቱ ገደብ የሚጠቅመው ደባቂውን ነው። በስውር ለተደረገ ስጦታ የ6 ወሩ ገደብ ብቻ፣ ያውም ከታወቀበት ቀን ጀምሮ፣ ቢሠራ የተሻለ ነበር፤ የ100 ብሩ ጣሪያ ደግሞ በገቢ መቶኛ ቢተካ ተራው የዘመድ ድጎማ ከክርክር ይወጣል።