በሕያው ሰው ስም ስለሚጻፍ ልብ ወለድ

ዛሬ በሐዋሳ ፒያሳ የሚመላለሰው ወጣት በእጅ ስልኩ ስለሚወደው ዘፋኝ ወይም ተዋናይ የተፈጠረ ታሪክ ማንበብም መጻፍም ይቻለዋል። የዚህ ምኞት ሥሩ ፍቅር ነው፤ ሰው የዝነኛውን ፊት እንጂ ልቡን አያውቅምና፥ የጎደለውን በሐሳቡ ይሞላዋል።

ነገሩ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፥ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፥ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለእናቱ»ን አሳትመዋል። የሕያው ሰው ትዳርና ክብር ግን ዛሬውኑ ይቆስላል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ሁለት ዓይነት ፈጠራ ያሳዩናል። ነቢዩ ናታን የድኻውን በግ ምሳሌ ሲናገር የዳዊትን ስም አልጠራም (2ኛ ሳሙ. 12)፤ ንጉሡም በራሱ ላይ ፈርዶ ንስሐ ገባ። ኤልዛቤል ግን ናቡቴ ያልተናገረውን ቃል በስሙ አስመሰከረችበት (1ኛ ነገ. 21)፤ ንጹሑም ሰው በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።

እንግዲህ መምህራነ ንስሐ ልጆቻቸውን ሲመክሩ ይህን ልዩነት ያስረዱ። ምሳሌ የሚጽፍ ስም ይተው፤ ስም የሚጠራም ፈጠራ መሆኑን ይግለጥ፥ ለባለ ስሙ ፊት ለፊት ለማንበብ የሚያፍርበትንም አይጻፍ። አንባቢም የተፈጠረውን እንደ እውነት አያውራ።

ለዚህም እግዚአብሔር ያብቃን፤ አሜን።