ግራሶ የሚገባው የት ነው? የጋሪና የተሳቢ ኩሽኔታ ትምህርት

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ኩሽኔታ ግራሶ ስለተጨመረበት ብቻ ተጠገነ አይባልም። ተጠገነ የሚባለው ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ታይቶ፣ ግራሶው ከሮለሮቹ መካከል ገብቶ፣ ዳዶውም በልኩ ሲታሰር ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የሌሎቹ ድካም ከንቱ ይቀራል። ይህ ለፍኖተ ሰላም ባለጋሪም፣ በጃቢ ጠህናን ማሳ በትራክተር በቆሎ ለሚያወጣውም፣ ከቡሬ አዲስ አበባ ድረስ ተሳቢ ለሚጎትተውም እኩል ይሠራል። ስለምን ቢሉ፣ ከፈረሱ ኋላ ያለው ጎማና ከከባድ መኪናው ኋላ ያለው ጎማ የሚዞሩበት ሥርዓት አንድ ነው፤ የሚለየው የዕቃው መጠን ነው።

ሥርዓቱን እንይ። አክስሉ አይዞርም፤ የሚዞረው ሞዞው ነው፤ ጎማውም ከነቸርኬው በሞዞው ላይ ታስሯል። በማይዞረውና በሚዞረው ብረት መካከል ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ። ወደ ጋሪው አካል የቀረበው ውስጠኛው ብዙ ጊዜ ተለቅ ያለ ነው፤ ከሞዞው ቆብ ሥር ያለው ውጭኛው አነስ ይላል። የጭነቱ ክብደት በሙሉ፣ የበቆሎው ኩንታልም፣ የጋሪው እንጨትም፣ ከላይ የተቀመጠው ሰውም፣ መሬት የሚደርሰው በእነዚህ አልፎ ነው። በአካባቢያችን የጋሪ ሞዞ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ መኪና የተወረሰ ስለሆነ ኩሽኔታውም ባለ ብይ ወይም ባለ ሾጣጣ ሮለር ሊሆን ይችላል። እዚህ የምንማረው በዋናነት ስለ ባለ ሾጣጣው ነው፤ ተፈትቶ የሚታጠበውና በዳዶ የሚስተካከለው እሱ ነውና። ተዘግቶ የሚሸጥ ኩሽኔታ ግን አይከፈትም፤ ሲያረጅ ይቀየራል።

ሾጣጣ ሮለር ለመኪና የታሰበ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገሩ ከጋሪ ነው የመጣው። ሄንሪ ቲምከን በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ሠረገላ ሠሪ ነበር። በዘመኑ የነበሩት የጎማ ማዞሪያዎች ከላይ ወደ ታች የሚጫናቸውን ክብደት ቢችሉም፣ የከበደ ሠረገላ ወደ ጎን ሲታጠፍ የሚመጣው ግፊት ይፈጃቸው ነበር። ሮለሩን አሹሎ በሾጣጣ ቀለበት ውስጥ ቢያስቀምጡት ከላይ የሚመጣውንም ከጎን የሚመጣውንም ግፊት አብሮ እንደሚችል ተረዳና በ1898 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አገኘ። እንግዲህ ባለጋሪ ሾጣጣ ኩሽኔታ ሲገጥም የመኪና ዕቃ መዋሱ አይደለም፤ በመጀመሪያ ለእሱ ዓይነት ሥራ የተበጀውን መልሶ መውሰዱ ነው።

ስለ ጭነት አንድ ሕግ አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። በሮለር ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን ዕድሜው በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ባለ ብይ ከሆነ ወደ አንድ ስምንተኛ። ይህ የኩሽኔታ ፋብሪካዎች ሁሉ የሚሠሩበት ስሌት ነው። በልኩ ተጭኖ 10 ዓመት የሚያገለግል ኩሽኔታ፣ ሁልጊዜ እጥፍ ቢጫንበት አንድ ዓመት ያህል ነው የሚቆየው ማለት ነው፤ ያውም ግራሶው ደህና ከሆነ። ለገበያ ቀን ተብሎ የሚደረበው ተጨማሪ ኩንታል ዋጋው በኪራዩ አይታይም፤ ከወራት በኋላ በመለዋወጫ ሱቅ ይከፈላል።

አሁን ወደ ግራሶው። ግራሶ ዘይት ነው፤ ሳሙና መሰል ማወፈሪያ ዘይቱን ይዞ ያቆየዋል። የሚያለሰልሰው ዘይቱ ነው፤ የማወፈሪያው ሥራ ዘይቱ እንዳይፈስ መያዝ ነው። ስለዚህ ግራሶ ውሃንና ሙቀትን የሚችልበትን ጠባይ በአብዛኛው የሚወስነው ማወፈሪያው ነው። በካልሲየም የሚወፍረው የድሮው ዓይነት ውሃ አይበግረውም፤ ሙቀቱ ግን 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። በሊቲየም የሚወፍረው እስከ 180 ዲግሪ አካባቢ አይቀልጥም። በፈረስ ለሚጎተት ጋሪ ሁለቱም ይበቃሉ። ከደጀን ወርዶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ጎሃ ጽዮን ለሚወጣ ተሳቢ ግን የመጀመሪያው አይሆንም፤ በቁልቁለቱ የፍሬኑ ግለት ወደ ሞዞው ይተላለፋልና። በቀለም ደግሞ አትታለሉ። ቀዩም ሰማያዊውም ቢጫውም በፋብሪካ የተጨመረ ማቅለሚያ ነው፤ ዓይነቱን የሚናገረው በጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ማወፈሪያቸው የማይስማማ ሁለት ግራሶዎች ሲደባለቁ ሊቀጥኑና ከሞዞው ሊፈስሱ ይችላሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በአክስል ላይ ማፍሰስም ልማድ ሆኗል። እሱ ውስጡ የብረት ብናኝና ጥላሸት አለበት፤ ኩሽኔታ ላይ አይቆይም፣ ከቆየም ይፍቃል።

ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፦ «የግራሶ ፓምፕ እያለ መፍታት ምን ያስፈልጋል?» ቢሉ፣ ፓምፑ አዲሱን ግራሶ በአሮጌው ላይ ይገፋዋል እንጂ አሮጌውን አያጥበውም። በበጋ የገባው የቀይ አፈር ብናኝ፣ በክረምት የገባው ውሃ፣ ከሮለሩ የተፋቀው ብረት እዚያው ይቀራል። ከላይ ንጹሕ ግራሶ ታያላችሁ፤ ከሥር ኩሽኔታው ይበላል።

ስለዚህ እንፍታ። ጭነቱ ይራገፍ፣ ፈረሱ ይፈታ፣ በማይነሳው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። ክሪኩ ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ በክሪክ ብቻ የቆመ ተሳቢ ሥር ግን ማንም እንዳይገባ። ጎማው ሲወጣ የሞዞውን ቆብ ዙሪያውን በቀስታ እየመታችሁ አንሱት። ኮፒልያውን አቅንታችሁ በፒንሳ ሳቡት፤ ዳዶውንና ሮንዴላውን አውጡ። ሞዞውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ውጭኛው ኩሽኔታ ቀድሞ ስለሚወጣ በእጃችሁ ተቀበሉት፤ አፈር ላይ ከወደቀ ሥራው ገና ሳይጀመር ተበላሸ። በኋላ በኩል ኦይል ሲል የሚባለውን የጎማ ቀለበት አንሱ፤ ውስጠኛው ኩሽኔታ ከሥሩ ነው። የግራው ከቀኙ፣ የውስጡ ከውጭው አይቀላቀል። እያንዳንዱ ኩሽኔታ በሞዞው ውስጥ ከሚቀረው የብረት ቀለበቱ ጋር ተላምዶ ስላረጀ ከሌላ ጋር ሲገጥም ሁለቱንም ይበላል።

ማጠቢያው ናፍታ ወይም ላምባ ይሁን፤ ቤንዚን ለእሳት የቀረበ ነው። በሁለት ዕቃ እጠቡ፦ በመጀመሪያው አሮጌው ግራሶ ይለቃል፣ በሁለተኛው ንጹሕ ናፍታ የቀረው ይወጣል። በብሩሽ በሮለሮቹ መካከል ግቡ። ሁለተኛውን ዕቃ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ እዩ፤ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ብረቱ መፋቅ ጀምሯል። ከታጠበ በኋላ ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። በጎሚስታው ኮምፕሬሰር ነፍቶ እንዲሽከረከር ማድረግ ወጣቶች የሚወዱት ነገር ነው፤ ድምፁ ያስደስታል። ደረቅ ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ይላጣል፤ ሮለሩም ተፈናጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። አይደረግ።

ማየት ይቀጥላል። ኩሽኔታውን በጣቶቻችሁ ይዛችሁ ሮለሮቹን አንድ በአንድ እያዞራችሁ ተመልከቱ፤ በሞዞው ውስጥ የቀረውን ቀለበትም በጥፍራችሁ ዙሪያውን ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ፣ የተነሳ ቅርፊት፣ የዝገት ነቁጥ ካለ ይቀየር። ብረቱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ከሆነ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ጥንካሬው አልፏል። በቀለበቱ ላይ በሮለሮቹ ርቀት ልክ እኩል እኩል የተቀመጡ ጠባሳዎች ካሉ ደግሞ ጋሪው ተጭኖ ብዙ ቆሞ ነበር፣ ወይም ከድንጋይ ላይ በኃይል ወድቋል። ሲቀየር ኩሽኔታው ከነቀለበቱ ይቀየራል። አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ማስገባት ገንዘብ መቆጠብ ይመስላል፤ አዲሱን ግን በአጭር ጊዜ ያስረጀዋል።

የትምህርቱ ዋና ቦታ እዚህ ነው፤ ታግሣችሁ አንብቡት። እጃችሁን ታጠቡ። በግራ መዳፍ ላይ እፍኝ የማይሞላ ግራሶ አድርጉ። ኩሽኔታውን በቀኝ እጅ ይዛችሁ ሰፊውን ጠርዝ ወደ መዳፋችሁ አዙሩ፤ የጠርዙን ከንፈር በግራሶው ዳር ላይ እየጫናችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። በመጀመሪያው ምንም አይታይም። ደጋግማችሁ በዚያው ቦታ ስትጫኑ ግራሶው በሮለሮቹ መካከል አልፎ በጠባቡ ጫፍ በኩል ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ትንሽ አዙራችሁ ቀጣዩን ክፍል ጀምሩ፤ ዙሪያው እስኪዳረስ እንዲሁ። ከላይ መቀባት ይህን አይተካም። ሮለሩና ሮለሮቹን የያዘው ማቀፊያ የሚገናኙበት ሥፍራ ግራሶ ካልገባበት፣ ውጭው የቱንም ያህል ቢለቀለቅ ኩሽኔታው ደረቅ ነው።

በቀለበቶቹና በአክስሉ ጫፍ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የሞዞውን ባዶ ቦታ ግን አትሙሉት፤ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይበቃል። ስለምን ቢሉ፣ አንድም የተጨናነቀ ግራሶ ሲታመስ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ አንድም ሲሞቅ ሰፍቶ ኦይል ሲሉን ገፍቶ ይወጣል፣ በወጣበትም አቧራና ውሃ ይገባል። ፍሬን ባለው ተሳቢ ከሆነ ፍሬኑን ይቀባዋል። «ግራሶ በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አነጋገር ስለዚህ ስሕተት ነው። ኦይል ሲሉ በተፈታ ቁጥር አዲስ ይግባ፤ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ሲተያይ ዋጋው ትንሽ ነው።

ዳዶውን ማሰር የሚከብደው ለጉልበተኞች ነው። ሞዞውን በአንድ እጅ እያዞራችሁ ዳዶውን በመፍቻ አጥብቁ፤ መዞር ሲከብደው አቁሙ። ይህ ሮለሮቹ በቀለበታቸው ላይ በልክ እንዲቀመጡ ነው። ከዚያ አላሉት። አሁን መፍቻውን አስቀምጡና በጣት ብቻ እስኪቆም አዙሩት። የኮፒልያው ቀዳዳ ካልገጠመ እስኪገጥም ወደ ኋላ አላሉ፤ ወደ ፊት አታጥብቁ። የሚፈለገው ክፍተት ከ0.025 እስከ 0.125 ሚሊ ሜትር ነው፤ የደብተር ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽነቱን ከዚያ ገምቱ። የተሳቢው ፋብሪካ ሌላ ልክ ካዘዘ የፋብሪካው ይቅደም። የጠበቀ ሮለር ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል፤ የላላው ደግሞ ይንገጫገጫል። ከሁለቱ የጠበቀው ቶሎ ይገድላል። ኮፒልያው አዲስ ይሁን፤ በእሱ ፋንታ ሚስማር ወይም ሽቦ የሚያስገባ መካኒክ ካያችሁ፣ እኔ ብሆን የቀረውንም ሥራውን አላምንም።

መጨረሻ ላይ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፣ አዙራችሁም አድምጡ። ጥቂት ከተነዳ በኋላ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሞዞው አስጠጉ። ለብ ቢል ደግ ነው። እጅ የማያስቆም ከሆነ፣ ወይም አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ፣ እንደገና ይፈታ። በጋሪ ይህን የሚያውቀው ፈረሱ ነው፤ አንዱ ጎማ ሲይዝ ጋሪው ወደዚያ ወገን ይጎትታል፣ የመጫኛው ቆዳም በአንድ ጎኑ ያቆስለዋል።

ውሃን በተመለከተ አንድ ልማድ መተው አለበት። ብዙ ነጂ ከመንገድ እንደተመለሰ ጋሪውንም ተሳቢውንም በቀጥታ ወንዝ ውስጥ አግብቶ ያጥባል። የሞቀው ሞዞ በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በኦይል ሲሉ ሥር ስቦ ያስገባል። በሌላ አገር ጀልባ በተሳቢ ወደ ሐይቅ የሚያወርዱ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሞዞው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። እናንተም ጠብቁ። ሞዞው ተፈትቶ ሲታይ ግራሶው የነጣ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል።

በአስፋልት ለሚሄድ ተሳቢ በየዓመቱ ወይም በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ መፍታት የተለመደ ነው፤ የቀደመው ይቅደም። በገጠር መንገድ፣ በጭቃና በጅረት ለሚመላለስ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይሁን፦ በግንቦት ዝናቡ ሳይገባ፣ በጥቅምት ደግሞ የበቆሎው ጭነት ሳይጀመር። በ2013 ዓ.ም. የቡሬው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ከተመረቁ ወዲህ በቡሬ መስመር የጭነት ሥራ አለ፤ ተሳቢውን በመከር መካከል ለጥገና ማቆም ደግሞ ማንም አይፈልግም። በጥቅምት መፍታቱ የሚመረጠው ለዚህም ነው።

በመጨረሻ ለባለንብረቶች፦ ብዙ ጋሪ በቀን ሂሳብ ለነጂ ይሰጣል፤ ነጂውም የነገውን ስለማያውቅ ለኩሽኔታ ገንዘብ አያወጣም። እባካችሁ የግራሶውን፣ የኦይል ሲሉንና የኮፒልያውን ወጪ ለእሱ አትተዉ፤ ጋሪው የእናንተ ነው።